ያላወቅሽውን «ሲ» በይው

እኔ ገማች ነኝ። ይሄን የምናገረው አፍሬ አይደለም፤ የሰፈሬ ልጅ ግማሹ እንደኔ ነው። የ10ኛ ክፍል ማትሪክ በነበረበት ዘመን ፊዚክስ ስፈተን የመጨረሻዎቹን ሃያ ምናምን ጥያቄዎች ሳላነባቸው ነው ያጠቆርኳቸው። ፈታኟ «አስር ደቂቃ ቀራችሁ» ስትል ክፍሉ ውስጥ ያለው እርሳስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲንኳኳ ትዝ ይላችኋል? ያ ድምፅ የዕውቀት ድምፅ አልነበረም። «ያላወቅከውን ሲ በለው» የምትለዋን ምክር ማን እንደጀመራት እንጃ፤ ብቻ እኛ ሰፈር ከማባዛት ሰንጠረዥ ቀድማ ነው የደረሰችው። («ቢ ይሻላል» የሚሉም ነበሩ። ከእነሱ ጋር አንግባባም ነበር።)

ከዚያ በኋላማ ለምዶብኝ ቀረ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የትምህርት ክፍል ምርጫ ስንሞላ አካውንቲንግን አንደኛ ያደረግኩት ከፊቴ የተሰለፈው ልጅ አንደኛ ስላደረገው ነው። ዲቪ አራት ጊዜ ሞልቻለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን የለቀቅኩት «የሚሻል ነገር ሳይመጣ አይቀርም» ብዬ ነው፤ የሚሻለው ነገር ሳይመጣ ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። አሁን የአንድ አስመጪ መጋዘን ስቶር ኪፐር ነኝ። (አይዟችሁ፣ ካርቶኖቹን እቆጥራለሁ።)

እናላችሁ፣ የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ታናሽ እህቴና ስለ አንድ የቁጥር ጨዋታ ነው። እህቴን ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት። የቤቱ መጨረሻ ስለሆነች እማዬ እስከ ዛሬ እንደ ሕፃን ታያታለች፤ እሷ ግን 14 ዓመቷ ነው፣ ቁመቷም እኔን እየደረሰ ነው።

7ኛ ክፍል እያለች የሒሳብ አስተማሪዋ ሰሌዳ ፊት አቁሞ «አንቺ ለሒሳብ አልተፈጠርሽም» አላት። ክፍሉ ሳቀ። ቤት መጥታ አልተናገረችም፤ እኛ የሰማነው ከጎረቤት ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒሳብ ደብተሯ ላይ የራሷ የሆነ ነገር ጠፋ። የቤት ሥራውን ጠዋት ጠዋት ከጓደኛዋ ትገለብጣለች፤ ፈተና ላይ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ያስተማራትን ታደርጋለች። ታላቅ ወንድሟ ምን እንዳስተማራት መገመት ትችላላችሁ።

ጨዋታውን ያገኘሁት ሥራ ቦታ ነው። ዕቃ የጫነው መኪና ከሞጆ እስኪደርስ መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ ብሎ ስልክ ከመነካካት ሌላ ሥራ የለም። መጀመሪያ ሱዶኩ ነበር የምጫወተው። ሱዶኩን ብዙ ሰው ጃፓናዊ አድርጎ ነው የሚያስበው፤ ጃፓናዊው ስሙ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ «ነምበር ፕሌስ» ተብሎ ታተመ፤ የፈጠረው ሃዋርድ ጋርንስ የሚባል ጡረታ የወጣ አርክቴክት ነው ተብሎ ይታመናል። በ1984 ኒኮሊ የሚባል የጃፓን አሳታሚ ወሰደው። ከዚያ ዌይን ጉልድ የሚባል ኒውዚላንዳዊ፣ ሆንግ ኮንግ ዳኛ ሆኖ የኖረ ጡረተኛ፣ ጨዋታውን የሚፈበርክ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈና በ2004 ለንደን ውስጥ ታይምስ ጋዜጣ ላይ አስወጣው። በ2005 ዓለም አበደ። ሁለት ጡረተኞች እንግዲህ፤ የእኛ ሰፈር ጡረተኞች ዳማ ይጫወታሉ።

ግን ሱዶኩ ላይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቁጥሮቹ ቁጥር አይደሉም። ከ1 እስከ 9 በማለት ፈንታ ዘጠኝ ፊደል ብትጽፉበት፣ ወይም ዘጠኝ ዓይነት ፍራፍሬ ብትስሉበት ጨዋታው ያው ነው። 7 ሰባት መሆኑ ምንም አይጠቅመውም። ኬንኬን ላይ ግን ይጠቅመዋል።

ኬንኬንን ቴትሱያ ሚያሞቶ የሚባል ጃፓናዊ የሒሳብ አስተማሪ በ2004 ለራሱ ተማሪዎች ብሎ የፈጠረው ነው። «ኬን» ብልህነት ማለት ነው፤ ኬንኬን ብልህነት በብልህነት። በ2008 ታይምስ፣ በ2009 ኒውዮርክ ታይምስ ማተም ጀመሩ። ስሙ የንግድ ምልክት ስለሆነ ሌሎች አፖች «ካልኩዶኩ» ወይም «ማትዶኩ» ይሉታል፤ ነገሩ አንድ ነው።

አጨዋወቱን በሚጡ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ ከእኔ እሷ ትሻላለች። ስድስት በስድስት የሆነ ሰፈር አለ እንበል፤ 36 ቤቶች። በእያንዳንዱ አግድም መስመርና በእያንዳንዱ ቁልቁል መስመር ላይ ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይኖራሉ። ቤቶቹ ደግሞ ሁለትም ሦስትም አራትም እየሆኑ በወፍራም መስመር ታጥረዋል፤ ይሄ ግቢ ይባላል። በየግቢው በር ላይ ቁጥርና ምልክት ተለጥፏል። «11+» ካለ የግቢው ነዋሪዎች ሲደመሩ 11 ይሆናሉ። «12×» ካለ ሲባዙ 12። «1−» ካለ ልዩነታቸው 1፣ «3÷» ካለ ትልቁ ለትንሹ ሲካፈል 3። በቃ። መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ በትክክል የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ አንዲት ቤት እንኳ ሳትገምቱ ትደርሱበታላችሁ።

ይሄን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እኔ መጀመሪያ አላመንኩትም ነበር።

ለሚጡ የሰጠኋት በጎ ሐሳብ ኖሮኝ እንዳይመስላችሁ። ማታ ማታ ስልኬን እየወሰደች ቲክቶክ ስለምታይብኝ «ይሄን ገልብጪና ስልኬን መልሺ» ብዬ ነው። ባለ ካሬ መስመር ደብተር ላይ በማስመሪያ አሰመረችው። የመጀመሪያው አራት በአራት ነበር፤ አንድ ሰዓት ፈጀባት። ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት። በሳምንቱ ስድስት በስድስት አመጣሁላት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስለ ቁጥሮች እንደ ጎረቤት ይወራ ጀመር። «5 ኩሩ ነው» ትለኛለች እራት ላይ። «ማባዛት ያለበት ግቢ ውስጥ 5 ከገባ ቁጥሩ በ0 ወይ በ5 ነው የሚያልቀው። ስለዚህ በሩን አይተህ 5 ቤት ይኑር አይኑር ታውቃለህ።» እማዬ ማን ስለሚባል ሰው እንደምናወራ ትጠይቃለች። ሌላ ቀን ደግሞ የማዕዘን ቅርፅ ያለው፣ ሦስት ቤት የያዘ ግቢ አሳየችኝ፤ በሩ ላይ «25×» ይላል። ከ1 እስከ 6 ካሉት ሦስት ቁጥር ተባዝቶ 25 የሚሆነው 5፣ 5 እና 1 ብቻ ነው። ሁለቱ 5ዎች አንድ መስመር ላይ መሆን አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይይዛሉ፣ 1 መሀሉ ማዕዘን ላይ ይቀመጣል። «አንድም ሌላ ቤት ሳልሞላ!» አለች። እውነት ነው፤ ሞክሩት።

«1−» የተለጠፈበት ግቢ ውስጥ ደግሞ አንዱ ሙሉ ከሆነ ሌላው ጎዶሎ ነው። (ሙሉና ጎዶሎ ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ በ2012 በኮሮና ሰሞን የቤት መኪና በታርጋ ቁጥር በፈረቃ ሲወጣ ነው። ያኔ የአለቃዬ መኪና ጎዶሎ ስለነበረች በሙሉ ቀን አርፍጄ ስገባ የሚቆጣኝ አልነበረም።) አንድ ሙሉ መስመር ሲደመር ሁልጊዜ 21 እንደሚሆንም የደረሰችበት እሷ ናት። መስመሩ ላይ «11+» እና «7+» ያላቸው ግቢዎች ካሉና አንዲት ቤት ብቻ ከተረፈች፣ ማን የት እንዳለ ሳታውቁ የተረፈችው ቤት ነዋሪ 3 ነው። ይሄን ስትነግረኝ «ማን አሳየሽ?» አልኳት። አስተያየቷ አሁንም ይታየኛል። ማንም አላሳያትም።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። አንድ ማታ አምሽቼ ገባሁ። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አለ፤ ሁለት ቀን የታገለችበት ስድስት በስድስት ነው። ከላይ ያሉት መስመሮች ሞልተዋል፤ አራተኛው መስመር ላይ ቆማለች። ጎን ላይ በትንንሹ የጻፈቻቸው፣ የሰረዘቻቸው፣ በላጲስ ከማጥፋት ብዛት ወረቀቱ ሳስቷል። አሳዘነችኝ። ጠዋት ተነስታ ተሠርቶ ስታገኘው ደስ ይላታል ብዬ አሰብኩ። ያገኘሁት ደግሞ እስክሪብቶ ነው።

መስመሩ ላይ ሦስት ግቢዎች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቤት፦ «12×»፣ «3÷» እና «1−»። 12 ማለት ወይ 3 እና 4 ነው፣ ወይ 2 እና 6። ሁለት ምርጫ፤ ግማሽ በግማሽ። ከሲና ከቢ ይሻላል። 3 እና 4 ብዬ ጻፍኩ። ለምን ብትሉኝ ፊታቸው ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ታች ቀጠልኩ፣ ሌላም ገመትኩ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ አንድ ቁልቁል መስመር ላይ ሁለት 4 ተቀምጠዋል። ለማረም ብሞክር እስክሪብቶ ነው። ደብተሩን ዘግቼ ተኛሁ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ደብተሩን ይዛ መጣች። አልጮኸችም። «ይሄን በምን አወቅከው?» አለችኝ፤ 3 እና 4 ላይ ጣቷን አድርጋ።

«ገመትኩ።»

ምንም አላለችም። አዲስ ገጽ ላይ በማስመሪያ እንደገና አሰመረችው። ሦስት ቀን ያህልም ስልኬን አልጠየቀችኝም፤ ይሄ እኛ ቤት ከባድ ነገር ነው።

በአራተኛው ቀን ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ያን አራተኛ መስመር ከእኔ ጋር እዩት። 12× 3 እና 4 ቢሆን ኖሮ፣ 3÷ ወይ 1 እና 3 ወይ 2 እና 6 ነው፤ 3 ስለተያዘ 2 እና 6 ይሆናል። የቀሩት 1 እና 5 ናቸው። በሩ ላይ ግን «1−» ይላል፤ የ1 እና የ5 ልዩነት 4 ነው። አይሆንም። ስለዚህ 12× የሚባለው ግቢ 2 እና 6 ነው፣ 3÷ 1 እና 3 ነው፣ የቀሩት 4 እና 5። ልዩነታቸው 1። ከሌላ መስመር ምንም መረጃ ሳያስፈልግ፣ ያ መስመር ራሱ ማን የት ግቢ እንደሚኖር ይናገር ነበር። እኔ ደግሞ ሳንቲም እንደሚወረውር ሰው 3 እና 4 አልኩት።

«አየህ?» አለች። «መጠየቅ ነበረብህ እንጂ።» ማንን እንደሆነ አልገለጸችልኝም። ቁጥሮቹን ይመስለኛል፤ እኔ ግን እሷንም መሰለኝ።

በኋላ ሚያሞቶ እንዴት እንደሚያስተምር ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። «ሳያስተምሩ ማስተማር» ነው የሚለው። ፐዝሉን ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ አይነግራቸውም፤ ልጆቹ ሲሳሳቱም ሲቆሙም የራሳቸውን ጊዜ ይሰጣቸዋል። ቀላል ይመስላል። ሰው የምትወዱት ልጅ ሁለት ቀን አንድ መስመር ላይ ቆሞ ሲያይ ዝም ብላችሁ ሞክሩ እስቲ።

8ኛ ክፍልን ስትጨርስ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለተወሰኑ ልጆች ነፃ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰማን። የመግቢያ ፈተና አለው፤ ሒሳብ ላይ ቢያንስ 85 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ወረፋውንም አንቆምም ነበር። አሁን ግን ሚጡ ራሷ ናት «ልመዝገብ» ያለችው። እማዬ ስለ ክፍያው አስባ፣ እኔ ደግሞ ስለዚያ አስተማሪ አስቤ፣ ሁለታችንም በየፊናችን ጓጓን። ማታውን አጠገቧ ተቀምጬ የመጨረሻ ምክሬን ሰጠኋት፦ «ያላወቅሽውን ሲ በይው። ባዶ አትተዪ።» ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ያለችኝ መስሎኝ ነበር።

ውጤቷ 83 ነጥብ 3 ሆነ።

ፈተናው 60 ጥያቄ ነው። 83.3 ማለት 50 አግኝታለች። 51 ብታገኝ 85 ነበር። አንድ ጥያቄ። ለማጽናናት «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው እኮ» ስላት «ስድስት ትቼ ነበር» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው ትቼ?»

«አላጠቆርኳቸውም። አላውቃቸውማ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። እማዬም እስክትደነግጥ ድረስ። ስቶር ኪፐር ነኝና ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። አንድ ጥያቄ ላይ በጭፍን ብትገምት የመሳሳት ዕድሏ ከአራት ሦስት ነው። ስድስቱንም ለመሳሳት ሦስት አራተኛን በራሱ ስድስት ጊዜ ማባዛት ነው፤ ወደ 18 በመቶ ይመጣል። ቢያንስ አንዱን ለማግኘት 82 በመቶ። ሰማንያ ሁለት! ዓይኗን ጨፍና ስድስት ክብ ብታጠቁር ኖሮ ከመቶ ሰማንያ ሁለት ዕድል ዛሬ ያ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። ይሄን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው የነገርኳት። ስሌቱን አየችና «ልክ ነው» አለች። ስሌቱን ማለቷ ነው።

ሌሊቱን አልተኛሁም። በአንድ በኩል እኔ ነኝ ትክክል፤ ፈተናው የተሠራው ለእኔ ዓይነቱ ነው፣ ባዶ ለተወ ሰው ምንም አይከፍልም፣ ለገመተ ግን ይከፍላል። በሌላ በኩል፣ አገር ሲገምት ምን እንደሚመስል ያየን ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ ጥር ላይ በወጣው ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም የትምህርት ቤቶቹም ነገር አለ፣ ሁሉንም በሲ ላይ አላላክክም። ግን ያን ቀን ቢሯችን ውስጥ ዜናውን ስንሰማ፣ በየራሳችን ማትሪክ ስንቱን አውቀን ስንቱን ገምተን እንዳለፍን አንዳችንም አንዳችንን አልጠየቅንም።

ጠዋት ይቅርታ ልጠይቃት ስገባ ሚጡ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ደብተር ይዛለች። ስድስቱን ባዶ ጥያቄዎች እያሰበች መስሎኝ «እርሺያቸው በቃ» አልኳት።

«ስድስቱ አይደሉም» አለች። «ስድስቱንማ አላውቃቸውም ነበር፤ ምንም አላሳዘኑኝም። 54 ሞልቼ 50 ነው ያገኘሁት። አራት ተሳስቻለሁ። አውቃቸዋለሁ ብዬ የሞላኋቸው አራት አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ነው የማላውቀው።»

የጥያቄ ወረቀቱን ትምህርት ቤቱ አይመልስም። ስለዚህ የምታስታውሳቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እየጻፈች እንደገና መሥራት ጀመረች። አሁን መንግሥት ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ገብታለች፤ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ናቸው፣ ሒሳብ አስተማሪዋን ትወደዋለች። ደብተሩ ግን አልተዘጋም። አንደኛውን ስህተት በሁለተኛው ሳምንት አገኘችው፤ ካሬ ሜትርን ወደ ካሬ ሴንቲሜትር ስትቀይር በ100 ብቻ አባዝታ ነበር። ሁለተኛው የመቀነስ ምልክት ረስታ ነው። ሦስተኛውን ባለፈው ወር አገኘችው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቀስቅሳ ነገረችኝ።

አራተኛው አልተገኘም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ የጠረጠረቻቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። እርሳስ ሰጠችኝ። አንዱን ለሃያ ደቂቃ ያህል ታገልኩት፤ ጎን ላይ በትንንሹ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ በላጲስ አጠፋሁ። መልሱ ሁለት ቦታ ላይ ጠበበልኝና እዚያው ቆምኩ።

«ሲ ይሆናል» አልኳት።

እርሳሱን ቀማችኝ።